ነጻ ፈቃድ በእጅ እንቅስቃሴ አይለካም

«ሳይንስ ነጻ ፈቃድ የሚባል ነገር እንደሌለ አረጋግጧል።» ይህን አባባል በዩቲዩብም በቴሌግራምም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት አንድ ሙከራ ነው። ሙከራው እውነተኛ ነው፤ ውጤቱም ያስገርማል። ከእሱ የተወሰደውን ድምዳሜ ግን አልቀበልም።

ሙከራውን የሠራው አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ሊቤት ነው። ውጤቱን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 አሳተመ። ተሳታፊዎቹ ጭንቅላታቸው ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነብ መሣሪያ ተደረገላቸው። ከዚያ «ባሰኛችሁ ሰዓት እጃችሁን አንቀሳቅሱ» ተባሉ። ፊት ለፊታቸው በፍጥነት የሚዞር ነጥብ ያለበት ሰዓት ነበር። ፍላጎቱ የመጣባቸው ነጥቡ የት ሲደርስ እንደሆነ ይናገራሉ። ፍላጎቱ ተሰማን ያሉት እጃቸው ሊንቀሳቀስ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀረው ነው። አንጎላቸው ግን 550 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲቀር መዘጋጀት ጀምሮ ነበር። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው «የሚወስነው አንጎልህ ነው፤ አንተ የምትሰማው ካለቀ በኋላ ነው» አሉ።

ሊቤት ራሱ እንኳ እዚያ ድረስ አልሄደም። ፍላጎቱ ከተሰማን በኋላ «ተወው» ብለን ለማስቆም የምትበቃ ጊዜ አለችን ብሎ ያምን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2012 የአንጎል ተመራማሪው አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ያ ከእጅ እንቅስቃሴ ቀድሞ የሚታየው የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ውሳኔ ላይሆን እንደሚችል አሳዩ። አንጎል ውስጥ ሁልጊዜ ያለምክንያት ከፍ ዝቅ የሚል እንቅስቃሴ አለ። ሰው ምንም የሚያስቸኩለው ነገር ሳይኖር እጁን አንቀሳቅስ ሲባል፣ ይህ እንቅስቃሴ ከፍ ባለበት ሰዓት ማንቀሳቀስ ይቀናዋል። ተመራማሪ ደግሞ ሁሌ እጁ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ወደኋላ እየቆጠረ አማካይ ሲያወጣ ቀድሞ የተጀመረ ዝግጅት የሚመስል ነገር ያያል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ ከሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አንዱን እንዲመርጡ ተጠየቁ። አንዳንዴ የመረጡት ድርጅት እውነተኛ 1,000 ዶላር የማግኘት ዕድል ነበረው። አንዳንዴ ደግሞ የትኛውንም ቢነኩ ገንዘቡ ለሁለቱም እኩል ይካፈላል። ለውጥ በማያመጣው ምርጫ ላይ የታወቀው ሞገድ ታየ። አስበው በወሰኑበት ምርጫ ላይ ግን ሞገዱ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ እስካሁን የተለካው ምንድን ነው? ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የምትወስን ልጅ ወራት ታስባለች፣ ታማክራለች፣ ትጸልያለች፣ ሐሳቧን ትቀይራለች። ውሳኔዋን የሰከንድ ግማሽ ውስጥ ፈልጎ አጣሁት ማለት ምን ይባላል? «ሐሳቧም ቢሆን ምክንያት አለው፤ አስተዳደጓንም ዘሯንም አልመረጠችም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ማመዛዘኗም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ሌላ ምክር ብትሰማ ኖሮ ልትቀር ትችል ነበር። ነጻነት የምለው ይህንን ነው፤ ምክንያት ሰምቶ መንገድን መቀየር መቻልን።

ይህ ችሎታ ግን ለሁሉም እኩል አልተሰጠም፤ አንድ ሰው ላይም ሁሌ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። እጅን የሚያንቀጠቅጠውንና እንቅስቃሴን የሚያዘገየውን የፓርኪንሰን በሽታ ሕሙማን ተመልከቱ። ከሚታዘዙላቸው መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ የሚተኩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ከ3,000 በላይ ሕሙማን ባካተተ ጥናት፣ እነዚህን መድኃኒቶች ከሚወስዱት ከ100 ሰው 17ቱ ገደማ ቁማርን፣ ግዢን፣ ምግብን ወይም ወሲብን መቆጣጠር አቅቷቸዋል። ከማይወስዱት ግን 7 ገደማ ብቻ ናቸው። ዕድሜ ልኩን ቁማር ነክቶ የማያውቅ ሰው ቤቱን እስኪያጣ ሊጫወት ይችላል። መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቋረጥ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ባለጌ» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ራሱን መግዛት እንዳቃተው የምናውቀው ቀድሞ ራሱን ይገዛ ስለነበር ነው። ፈቃድ ከመጀመሪያውም ቅዠት ከሆነ መድኃኒቱ ምኑን ወሰደበት?

የእኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። አንቀጽ 48 ሰውዬው የሥራውን ምንነትና ውጤት መረዳት፣ በተረዳው መሠረትም ራሱን መምራት ይችል እንደነበር ይጠይቃል። አንቀጽ 49 ደግሞ ችሎታው በከፊል የጎደለን ሰው ያያል። ዳኛው «ነጻ ነው» እና «ነጻ አይደለም» ከሚሉት አንዱን ብቻ እንዲመርጥ አይገደድም።

ሰፈር ውስጥ ግን ሁለቱን ብቻ ነው የምናውቀው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው» እንላለን። በቤቲንግ ደሞዙን የጨረሰውን ልጅ «ቢፈልግ ይተው ነበር» እንላለን። ለእሷ ምንም ፈቃድ አንሰጣትም፤ ለእሱ ያለልክ እንሰጠዋለን። ሁለቱንም ብለን ስናበቃ እጃችንን እናነሳለን። እሷ ግን የምታርፍበት ቤትና የራሷ ገቢ ብታገኝ መውጣት ትችል ይሆናል። እሱም ስልኩ ላይ ያለው ቤቲንግ ቢዘጋለት፣ ደሞዙን የሚይዝለት ዘመድ ቢያገኝና ሐኪም ቢያየው በሚቀጥለው ወር እምቢ ማለት ሊችል ይችላል።