ኮራሉ ታመመ፤ ጠያቂው በዛ

አበሻ ቤት በሽተኛ ካለ ጠያቂ አይጠፋም። ጠያቂውም ብርቱካኑን አስቀምጦ፣ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ብቻ አይመለስም፤ መድኃኒት ያዛል። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ ሳሎኑ ውስጥ የባሕር ውሃ አኳሪየም ያቆመ ወገናችን ይህ ደንብ ለኮራልም እንደሚሠራ የሚያውቀው፣ በብዙ ዶላር የገዛው ቶርች ኮራል (ክንዶቹን የሚያወዛውዝ የባሕር እንስሳ) አንድ ቀን ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ዕለት ነው።

ጠያቂው ኮቱን ሳያወልቅ ይጀምራል። "ብርሃን አንሶታል" ይላል አንዱ፣ መብራቱን ከፍ እያደረገ። "በዝቶበታል እንጂ!" ይላል ሁለተኛው፣ መልሶ ዝቅ እያደረገ። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ አዮዲን፣ ስትሮንሺየምና አሚኖ አሲድ ያዝዛል፤ ነገ ይደርሳል። እትዬ ከሶፋው ሳይነሡ "ዓይን ነው። ሰው ፊት አታስቀምጡት ብያለሁ" ይላሉ። ከአራቱ ምክር የማይጎዳው የእትዬ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚጨመር ነገር የለበትም።

ባለቤቱ ይሉኝታ ስላለበት ማንንም አያስቀይምም። በአንድ ምሽት መብራቱን ይቀንሳል፣ ፓምፑን ያዞራል፣ ሲሶውን ውሃ ይቀይራል፣ ከሦስት ጠርሙስ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ኮራሉ ቢሞት ገዳዩ፣ ቢድንም አዳኙ አይለይም። ያልተደረገው አንድ ነገር ቢኖር መለካት ነው። የመመርመሪያው ሣጥን ከቁም ሣጥኑ ሥር ተቀምጧል፤ የአገልግሎት ጊዜው ካለፈም ቆይቷል።

በመጀመሪያ በሽተኛውን በቅጡ እንየው። ኮራል እንስሳ ነው፤ ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል። ሲጨንቀው አልጌዎቹን ያባርርና ይነጣል። ታዲያ "ነጣ" ማለት ብቻውን ወሬ አይሆንም። በእጅ ባትሪ አስጠግቶ ሲታይ በአጽሙ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሥጋ ካለ፣ ኮራሉ ተርቧል እንጂ አልሞተም፤ ሳምንታት ይፍጅ እንጂ ሊመለስ ይችላል። የአጽሙ ሹል ጠርዝ ራቁቱን ከወጣ ግን ሥጋው ከዚያ ቦታ ሄዷል። ደብዝዞ ከገረጣ ብርሃን በዝቶበታል ወይም ርቦታል፤ ከጠቆረና ቡናማ ከሆነ ብርሃን አንሶታል ወይም ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት ከፍ ብሏል። ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ በላይ መራቀቅ አያስፈልግም።

ከዚያ ሙቀትና ጨው። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ማሞቂያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምኞት ስለሆነ ሌላ ቴርሞሜትር ይግባ፤ ማሞቂያ ሲበላሽ በርቶ የሚቀር ዓመል አለው። ጨው በሺህ 35፣ በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) 1.026 ገደማ ነው። የጨው መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ለዚሁ የተዘጋጀውን ባለ 35 ፈሳሽ ጠብ አድርጎ በእርግጥ 35 ማንበቡን ማየት ነው። ዜሮ ላይ ጨዋ፣ 35 ላይ ግን ቀጣፊ የሆነ መሣሪያ ሞልቷል።

ጨው ከልክ የሚያልፍበት ትልቁ ምክንያት ደግነት ነው። ከ200 ሊትር አኳሪየም በቀን 2 ሊትር ያህል ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። ስለዚህ የሚተካው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። ባለቤቱ ለሠርግ አትላንታ ይሄድና ቤት እንዲጠብቅ የተተወው የአጎት ልጅ "የባሕር ፍጥረት አይደል እንዴ?" ብሎ በየቀኑ 2 ሊትር የጨው ውሃ ይሞላል። በቀን 70 ግራም ጨው ማለት ነው፤ በዘጠነኛው ቀን 35 የነበረው 38 ይገባል። ቶርቹ ሥጋውን የሚነፋው ውሃ እየሳበ ነውና፣ ሳምንቱን ሙሉ ጨው እየጨመረበት ሲሄድ ይሰበሰባል። መፍትሔው 16 ሊትር ያህል የአኳሪየም ውሃ አውጥቶ በተጣራ ውሃ መተካት ነው፤ ግን በሦስት ቀን ተከፍሎ፣ በቀን 5 ሊትር ተኩል ገደማ። በአንድ ጊዜ ካደረጉት በሽታው በጨው መብዛት ጀምሮ በጨው ማነስ ድንጋጤ ይቀጥላል።

ጋሼ በዚህ መሀል "ጨው ከሆነ ችግሩ ከአፋር አሞሌ እናስመጣ" ይላሉ። ባሕር በር በሌለው አገር ተወልዶ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ለቆፈረ ሰው ሐሳቡ ያጓጓል። ነገር ግን አሞሌም ሆነ የገበታ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ ኮራል አጽሙን የሚሠራበት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ካርቦኔት በበቂ የለበትም። አሞሌው ለበሬ ይሁን።

ቀጥሎ አልካሊኒቲ ነው፣ በዲኬኤች የሚለካው ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም፤ ብዙ ኮራል የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የተፈጥሮ ባሕር 7 ዲኬኤች ገደማ ነው። 8 ይሻላል ወይስ 9 የሚለው ክርክር ለሦስተኛ ቡና ይበቃል፤ ኮራሉ ግን የሚታመመው ሰኞ 7፣ ረቡዕ 10 ሲሆንበት ነው። አንዳንድ የጨው ዓይነት ተበጥብጦ ሲለካ 11 ያልፋል፤ በዚያ ጨው ሲሶውን ውሃ የቀየረ ባለቤት "ንጹሕ ውሃ ሰጥቼው ተኮማተረብኝ" ቢል አይፈረድበትም። የተቀላቀለውን ውሃ ከማፍሰሱ በፊት ቢለካው ኖሮ ግን ያውቅ ነበር። ከወረደ ደግሞ የወጥ ቤቱ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። 6 ግራም ለ200 ሊትር 1 ዲኬኤች ያነሣል። በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ ሟምቶ ውሃው በሚፈስበት ቦታ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ማንሣት አያስፈልግም። አደራ፣ መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠው ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው። አሲድና ስታርች አለበት፣ ብዙውም አልጌ የሚያበዛ ፎስፌት አለው፤ የሚያስነሣው ኬክ ነው።

ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየም ከ1250 እስከ 1350 ሚሊግራም በሊትር ከሆነ ይለፉት። ማግኒዚየም ከወረደ የጨመሩት ካልሲየምና አልካሊኒቲ ውሃው ውስጥ አይቆይም፤ ማሞቂያውና ፓምፑ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል።

አሁን ወደ ንጽሕና። እንግዳ ሲመጣ ቤት መወልወል ደምብ ነው፤ አኳሪየምም ይወለወላል። አልጌ እንዳይታይ ፎስፌት የሚመጥ ማጣሪያ ይታጨቃል፣ ዓሦቹ በአንድ ቁንጣሪ ይውላሉ፣ ውሃውን በአረፋ የሚያጠራው ስኪመር ሌት ተቀን ያረፋል። መመርመሪያው ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ ሲል ባለቤቱ ደረቱን ይነፋል። ኮራሉ ያን ጊዜ በልመና ደረጃ ላይ ነው፤ ውስጡ ያሉት አልጌዎች ከእነዚሁ ከሁለቱ ይኖራሉ። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን መልካም ነው። ማጣሪያውን በግማሽ ቀንሶ ዓሦቹን ጠገብ ማድረግ ከማንኛውም ጠርሙስ ይቀድማል። ፎስፌቱ በተቃራኒው ከፍ ብሎ ከሆነም ቀስ ተብሎ ይውረድ፤ በአንድ ሌሊት መጥጦ ማውጣት ራሱን የቻለ በሽታ ነው።

የበዓል ቀን በሽታ የሚባልም አለ። ገና ነው፣ ውጭው በረዶ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ሳሎኑ ውስጥ 20 ሰው ይተነፍሳል። ስኪመሩ የሚስበው የዚያኑ የሳሎን አየር ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃው ውስጥ ይሟሟና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8.2 ወደ 7.8 ይንሸራተታል። "ፒኤች ማንሻ" የሚል ጠርሙስ አይገዛም፤ እሱ አልካሊኒቲውን ይዞት ይወጣል። መስኮት መክፈት፣ ወይም የስኪመሩን የአየር ቱቦ በግድግዳ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ረከቦቱና የእጣኑ ማጨሻም ከቱቦው አፍ ራቅ ይበሉ። ዶሮውን ያወጣች ቅቤ የነካች እጅ "እስኪ ለስላሳ ነው?" ብላ ውሃ ውስጥ ከገባች ደግሞ የስኪመሩ አረፋ ፍግም ይልና ለሰዓታት አይነሣም። ቅባት አረፋ ያጠፋልና፣ ስኪመሩ ተበላሸ ብሎ የሚፈታታው ሰው በከንቱ ይደክማል።

ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ ጉርብትናውን መመርመር ነው፤ ለዚህም ከመሸ በኋላ መብራት ሲጠፋ በቀይ ባትሪ ማየት ያስፈልጋል። ቀን ጨዋ የሚመስለው ጋላክሲያ የተባለ ኮራል ሌሊት ረጃጅም የሚናደፍ ክር አውጥቶ ጎረቤቱን ሲለበልብ ያድራል። ራሱ ቶርቹም ቢሆን ከዚህ ዓመል ንጹሕ አይደለም፤ በዙሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተውለት። ክላውንፊሹ ኮራሉን ቤቴ ብሎ ቀን ከሌት እየተሻሸበት ከሆነም ኮራሉ አይከፈትም፤ ዓሣው ደግሞ ምክር አይሰማም። የውሃው ግፊት ክንዶቹን ያወዛውዝ እንጂ ወደ አንድ ጎን አያስተኛ፤ ያለበለዚያ ሥጋው በአጽሙ ጠርዝ ላይ ይቀደዳል።

አንድ ነገር ብቻ ነው ለነገ የማይባለው። ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ታይቶ፣ ውሃ ሲነካው እየተበጣጠሰ ከሄደና ከሸተተ፣ ጠያቂው ሁሉ ወደ ኋላ ይበል። ፓምፖቹ ይጥፉ፣ ዝልግልጉ በቀጭን ቱቦ ተስቦ ወደ ባልዲ ይውጣ። ኮራሉ ውሃው ውስጥ እንዳለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገብቶ ከነሳህኑ ይነሣ። የተበከለው ቅርንጫፍ ከጤነኛው ይቆረጥ፤ መጋዙ አጽሙ ላይ እንጂ ሥጋው ላይ አይረፍ። የተረፈው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ውስጥ፣ ለኮራል በተሠራ አዮዲን ጠርሙሱ በሚያዝዘው መጠን 10 ደቂቃ ይነከር። ከዚያ በሌላ ንጹሕ የአኳሪየም ውሃ ታጥቦ፣ ቢቻል ለብቻው ይቀመጥ። የነከሩበት ውሃ ወደ አኳሪየሙ አይመለስም።

ሌዘር ኮራል (ቆዳ መሰሉ) የተባለው ግን ሲዘጋ ማንም አይደንግጥ። እሱ በየጊዜው ያኮርፋል። ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ጭብጥ ብሎ ይቆይና ሰም የመሰለ ስስ ቆዳ ገፍፎ እንደገና ይከፈታል። በዚያ ኩርፊያ መሀል ስንቱ ጠርሙስ እንደተደፋበት ቤት ይቁጠረው።

የቀረው ትዕግሥት ነው፣ እሱ ደግሞ በሱቅ አይገኝም። አንድ ነገር ይስተካከል፣ አንድ ሳምንት ይጠበቅ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አልካሊኒቲ ይለካና ይጻፍ። ቶርቹ ተከፍቶ ክንዶቹ ከሞሉ በኋላ፣ ለማስታመም የተቀነሰው መብራት በሳምንት 10 በመቶ እያለ ይመለስ። ሳይወድቅ ሳይነሣ ወራት ከቆየ አፉ ሁለት እየሆነ ይከፈላል፣ ቅርንጫፍም ይጨምራል። ያን ጊዜ መካሪው ሁሉ "ለኔም ቆርጠህ ስጠኝ" ማለቱ አይቀርም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከሥጋው በታች በመጋዝ ቆርጦ፣ በጄል ሱፐር ግሉ ድንጋይ ላይ አጣብቆ መስጠት ይቻላል። ከመስጠት በፊት ግን ጠያቂው ሪፍራክቶሜትሩን ይዞ ይምጣ፤ ባለ 35 ፈሳሹ ጠብ ተደርጎበት 38 የሚያነብ ከሆነ ቡናውን ጠጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ።