መሶበ ወርቅ ኮበለለች ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ ወጣቶች ስለ አንዲት ልዕልት ይከራከሩ ነበር። ስልክ ላይ ቪዲዮ ተከፍቷል። ከበስተጀርባው ክራር ይሰማል፤ ተራኪው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ልዕልቲቱ መሶበ ወርቅ ናት፣ የአክሱም የመጨረሻው ንጉሥ የድል ነዓድ ልጅ። መራ ተክለ ሃይማኖት የሚባል የላስታ ሰው ዙፋኑን እንደሚወስድበት ለንጉሡ ትንቢት ተነግሮታል። ስለዚህ ልጁን ለዚህ ሰው አልሰጥም አለ። እሷ ግን ወደደችውና አብራው ጠፋች። መራም ጦር ሰብስቦ መጣ፤ አማቱን ድል ነሥቶ ነገሠ። የዛጔ መንግሥት እንዲህ ተጀመረ ይላል ቪዲዮው።

አንደኛዋ ልጅ «ለፍቅር ብላ ሥርወ መንግሥት ገለበጠች» አለች፣ በአድናቆት። ጓደኛዋ አልተዋጠለትም። «ባክሽ ጠልፏት ነው!» አለ። ሁለቱም እርግጠኛ ነበሩ።

ክርክሩ ደስ ነው ያለኝ። ወጣት ቁጭ ብሎ ስለ ዛጔ ሲሟገት ማየት በየቀኑ የሚገኝ ነገር አይደለም። ያናደደኝ ቪዲዮ ሠሪው ነው። ትረካውን በቦታው ቆሞ እንዳየ ሰው ነው የሚነግረን። አንዲት «ይባላል» ጣል ቢያደርግ ምን ይጎድልበታል? ላይክ ይቀንስበት ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ጥንት ነገሥታት የፍቅር ወሬ ስንሰማ «እውነት ተዋደዱ ወይ?» ብለን መጀመር የለብንም። ለዚያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም። «ማን አወራው? መቼ? ምን ፈልጎ?» ብንል ግን ብዙ ነገር እናገኛለን።

እስቲ በመሶበ ወርቅ እንሞክረው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሱ ከዛጔ ዘመን የተረፉን ጽሑፎች በጣም ጥቂት ናቸው። የተረፉትም በአብዛኛው የመሬት ስጦታ ሰነዶች ናቸው። ለምሳሌ ንጉሥ ላሊበላ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሰጠው ስጦታ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለው በሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ ተመዝግቧል። እነዚህ ሰነዶች መሬቱን ማን ለማን እንደሰጠ ይናገራሉ። ስለ ኮበለለች ልዕልት አይናገሩም። የፍቅር ታሪኩን የምናገኘው ብዙ ቆይተው ከተጻፉ ትውፊቶችና የነገሥታት ዝርዝሮች ነው። ዝርዝሮቹ ደግሞ እርስ በርስ እንኳ አይስማሙም። አንዱ ዛጔን ከመራ ይጀምራል፣ ሌላው ከጣጣዲም። አንዱ ዘመኑን 333 ዓመት ያደርገዋል፣ ሌላው 133። የ200 ዓመት ልዩነት ባለበት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ልጅቷ በየትኛው ሌሊት እንደጠፋች መተረክ ድፍረት ይጠይቃል።

የውጭ ሰዎች ምን ይላሉ? በ10ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዓረባዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ ኢብን ሐውቀል የሐበሻን ንጉሥ ገድላ ስለምትገዛ አንዲት ሴት ያወራል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የሐበሻ ንጉሥ አንዲት ንግሥት አገሬን አጠፋችብኝ፣ እርዳኝ ብሎ ለኖባ ንጉሥ መልእክት እንደላከ የእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክ ይነግረናል። እኛ ጉዲት ወይም ዮዲት ከምንላት ሴት ጋር የሚያያይዙት እነዚህን ወሬዎች ነው። ስለዚህ ለጊዜው የቀረቡት ምስክሮች የሚያነሱት ሴት ሠይፍ የያዘች ናት። ከወዳጇ ጋር የጠፋች ልጅ እዚያ የለችም።

ታዲያ የመሶበ ወርቅ ታሪክ ከየት መጣ? መልሱን ለመገመት ቸርችል ጎዳና መውረድ ይበቃል። እዚያ ያሉ የባህል ዕቃ ሱቆች ቆዳ ላይ የተሣለ፣ በብዙ ትናንሽ ሣጥኖች የተከፋፈለ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ይሸጣሉ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰሎሞን ንግሥቲቱን ይጋብዛል። ምግቡ ቅመም የበዛበት፣ የሚያስጠማ ነው። አስቀድመው ተማምለዋል፤ እሱ በግድ ላይነካት፣ እሷም ከቤቱ ምንም ላትወስድ። ሌሊት ይጠማታል። ውኃ ትጠጣለች። መሐላው ፈረሰ ይላታል። የቀረውን ሥዕሉ በጨዋ ደንብ፣ አንድ አልጋ በማሳየት ይጨርሰዋል።

መጽሐፍ ቅዱስን ገልጠን ብናይ ይሄ ሁሉ የለም። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ላይ ንግሥቲቱ በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ትመጣለች፣ 120 መክሊት ወርቅ ትሰጣለች፣ እሱም የወደደችውን ሁሉ ይሰጣታል፣ ትመለሳለች። አለቀ። ቅመሙና ውኃው ያሉት በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአክሱሙ ይስሐቅ በግእዝ ባዘጋጀው ክብረ ነገሥት ውስጥ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለችውን ማስታወሻ ብዙ ሰው አያነብም። እኔ ግን ከሳባ ሌሊት በላይ እሷን እወዳታለሁ። መጽሐፉ በላሊበላ ዘመን ከቅብጥ ወደ ዓረብኛ ተተርጉሞ እንደነበር ትናገራለች። ታዲያ ያኔ ለምን ወደ ግእዝ አልተመለሰም? ዘመኑ የዛጔ ስለነበር ነው ትላለች። ከእስራኤል ወገን ያልሆነ መንገሡ ሕግ መተላለፍ ነውና፣ እነሱን የሚያወግዝ መጽሐፍ በእነሱ ዘመን አልወጣም ዓይነት ነገር ነው። ይኩኖ አምላክ ዛጔን አስወግዶ የነገሠው በ1270 ነው። መጽሐፉ ለተመላሹ ወገን ጠበቃ ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

አሁን መሶበ ወርቅን አጠገቡ አስቀምጧት። ሁለት የፍቅር ታሪኮች ፊት ለፊት ተፋጠዋል። የአንዱ ወገን ዘር የሚመጣው በአባት፣ በሰሎሞን በኩል ነው። የሌላው በእናት፣ በድል ነዓድ ልጅ በኩል። ክብረ ነገሥት ውስጥ ማክዳ ከእንግዲህ ሴት አትንገሥ፣ የልጄ ወንድ ዘር ብቻ ይንገሥ ብላ ታስምላለች። ይሄ ነገር ያለ ምክንያት የገባ አይመስለኝም። በእናት የሚመጣን ይገባኛል ባይ በር የሚዘጋ አንቀጽ ነው። ሌላም አለ። በዚያው የሰሎሞን ሌሊት የንግሥቲቱ ገረድ አብራ ትነሳለች፤ በትውፊት ዛጔዎች ከእሷ ልጅ ይወለዳሉ። ተመልከቱ፣ አንዱ ወገን የእመቤት ልጅ፣ ሌላው የገረድ ልጅ። ከዚህ በላይ ስድብ የለም። ዘመዳሞች ናችሁ ግን አትተካከሉም ነው ነገሩ።

የመሶበ ወርቅ ወሬ ዕድሜ ያገኘውም ለሁለቱም ወገን ስለሚመች ይመስለኛል። ላስታ ያለው ሰው «የአክሱም ደም አለን፣ በእናታችን» ይልበታል። ሸዋ ያለው ሰው «ልጅ አስኮብልሎ፣ አማቱን ገድሎ የነገሠ ሌባ» ይልበታል። ያንኑ ታሪክ። አራት ኪሎ ያሉት ልጆች ሳያውቁት የያዙት ክርክር ይሄንኑ ነው። ትንቢቱን ደግሞ ተዉት። ትንቢት የሚነገረው ሁልጊዜ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይኩኖ አምላክም ቢሆን «ራሴን የበላ ይነግሣል» ያለውን ዶሮ ራስ በልቶ ነው የነገሠው ይባላል። ዶሮውን ግን እንደ ማስረጃ የሚያቀርብ አላጋጠመኝም። ልዕልቲቱ ላይ ነው ሁሉም የሚጸናው።

ስለዚህ ሁሉም ፈጠራ ነው? አይደለም። ወሬ ሁሉ ውሸት ነው ማለትም ያው ስንፍና ነው። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ዓምደ ጽዮን ነው፤ ከ1314 እስከ 1344 የነገሠው።

ገድላት እንደሚሉት ይህ ንጉሥ የአባቱን ሚስት አገባ። ሌላው ትረካ ዕቁባቱን ነው ይላል። እኅቶቹንም የሚጨምርበት አለ። መነኮሳቱ ዝም አላሉም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ፊቱ ቆመው ወቀሱት። አባ በጸሎተ ሚካኤል፣ የሸዋው ደብረ ሊባኖስ ፊልጶስና አኖሬዎስ ስማቸው ከዚህ ጠብ ጋር ይነሳል። ንጉሡ አኖሬዎስን አስገረፈው። የፈሰሰው ደም እሳት ሆኖ ከተማውን አቃጠለ ይላል ትረካው። በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይሄንኑ ሲተርክ የንጉሡን ወገን መልስም ይጨምራል፤ እሳቱን የለኮሱት ራሳቸው መነኮሳቱ ናቸው የሚል። ከዚያ ስደት መጣ፤ መነኮሳቱ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ።

እዚህ ላይ ምን እንመን? ደሙ እሳት መሆኑን ለአማኙ እተወዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ስለ አልጋው ነው። የነገሥታቱ ሚስት ብዙ መሆን ወሬ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት የዘርአ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የቀኝና የግራ በዓልቲሐት የሚባሉ ንግሥቶች በማዕረግ ነበሩት፤ ዜና መዋዕሉ ደብቆ አልያዘውም። ቤተ ክርስቲያን አንድ ለአንድ ትላለች፣ ቤተ መንግሥት ደግሞ ከየግዛቱ ሚስት እያመጣ ሰላም ይገዛል። ጠቡ ከዓምደ ጽዮን ጋርም አላበቃም፤ ልጁ ሰይፈ አርዕድም ከደብረ ሊባኖስ ሰዎች ጋር ተጋጭቷል። እንግዲህ ክሱ መሠረት አለው።

የአባት ሚስት የሚለውስ? ሊሆን ይችላል፤ አመክንዮም አለው። አዲስ ንጉሥ የአሮጌውን ንጉሥ ሴቶች ሲወስድ ዙፋኑን ወሰድኩ ማለቱ ነው። አቤሴሎም በአባቱ በዳዊት ዕቁባቶች ያደረገው ይሄንኑ ነበር፣ ለዚያውም ሰገነት ላይ፣ ሕዝብ እያየ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ያስጠረጥረኛል። ገድሎቹ የተጻፉት ጠቡ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በተገረፉት ወገን ነው። ጸሐፊዎቻቸው ደግሞ ወንጌል በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የማትገባውን ሴት ያገባ ንጉሥ፣ ፊቱ ቆሞ የሚገሥጸው ባሕታዊ፣ ከዚያ ቅጣት። ይሄ የሄሮድስና የዮሐንስ መጥምቅ ታሪክ ነው። ሰዎቹ ዋሹ እያልኩ አይደለም። የተዘጋጀ ቅርጽ ነበራቸው፣ የሆነውንም ነገር በዚያ ቅርጽ ነው ያዩት። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይሄ ነው፤ ብዙ ሚስት፣ አዎ። የአባት ሚስት፣ የሚያሳምን ግን በአንድ ወገን ብቻ የተመሰከረ። እኅቶቹ፣ ወሬ ሲተላለፍ የተጨመረ ይመስላል። ንጉሡ ስለራሱ ያስጻፈው የ1332 የይፋት ዘመቻ ዜና ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ እንደማይል ሳልነግራችሁም ትገምታላችሁ።

እንዲህ ያለ መልስ ቪዲዮ አይወጣውም፣ አውቃለሁ። አንድ ሦስተኛ እውነት፣ አንድ ሦስተኛ ምናልባት። እንደ ሕዝብ ደግሞ የንጉሥ መኝታ ቤት እንወዳለን። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጎበኘ ሰው ያውቀዋል። የየብሔሩ ዕቃ ፈጠን ፈጠን ተብሎ ይታለፋል፤ የንጉሡና የእቴጌይቱ መኝታ ጋ ሲደረስ ሁሉም ይቆማል። እኔም እቆማለሁ። ነውር የለውም። ግን ከዚያው ግቢ ሳይወጡ የሚነበብ ብዙ ነገር አለ፣ እሱንም እግረ መንገድን ማየት ነው።

ወሬው ሰው ሲጎዳ ግን ቀልዱ ይቀራል። የንግሥት እሌኒን ነገር ተመልከቱ። የሐዲያ ባላባት ልጅ ነበረች። የዘርአ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ልጁ በእደ ማርያም በ1468 ሲነግሥ ትልቁን የንግሥትነት ማዕረግ ለእሷ ሰጣት። እዚህች ላይ «የአባትም የልጅም ሚስት ነበረች» የሚለው ሐሜት ተወለደ፤ የበእደ ማርያም ሚስት አድርገው የጻፉ የታሪክ ሰዎችም አልጠፉም። ዜና መዋዕሉ ግን እንደ እናቱ ይወዳት ነበር ነው የሚለው። ይሄን ለማመን የልጁን ሕይወት ማስታወስ ይበቃል። የገዛ እናቱ ጽዮን ሞገሳ በዘርአ ያዕቆብ ትእዛዝ ተገርፋ በዚያው ሳቢያ ሞታለች። እናቱን በአባቱ እጅ ያጣ ልጅ ሲነግሥ ከአባቱ ንግሥቶች አንዷን በእናት ቦታ ማስቀመጡ ምን ይገርማል?

ይህች ሴት ከዚያ በኋላ እነ እስክንድርንና ናዖድን አሳልፋ፣ ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር መርታለች። በ1509 ገደማ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው እሷ ናት። ቀይ ባሕር ላይ የሚመጣውን ቀድማ አይታ ወዳጅ መፈለጓ ነበር። እኛ ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር የማን ሚስት ነበረች እያልን እንከራከራለን፤ ስለ ደብዳቤዋ የሚጠይቅ የለም።