መብራት ጠፋ ማለት ሮቦቱ ተቆለፈ ማለት አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ ሲሚንቶ ወይም ዱቄት የሚያመርት ፋብሪካ ከረጢት የሚደረድር ሮቦት ቢያስገባ፣ ጎብኚ የሚፈራው ክንዱ ሲወናጨፍ ነው። መፈራት ያለበት ግን ቆሞ ሲታይ ነው። ሰው በሮቦቱ ዙሪያ ባለው አጥር ውስጥ የሚገባው ለጽዳት፣ ለጥገናና ለፕሮግራም ማስተካከያ ነውና።

50 ኪሎ ከረጢት ማጓጓዣው ላይ ተቀዶ ተሰነቀረ እንበል። ሮቦቱ ዝም ይላል፤ ሴንሰሩ ቀጣዩን ከረጢት እስኪያሳየው እየጠበቀ ነው። ሠራተኛው ገብቶ የተቀደደውን ሲጎትት፣ ከኋላ ያለው ተንሸራቶ ሴንሰሩ ፊት ይደርሳል። ክንዱ የታዘዘውን ይፈጽማል። ሮቦቱ ላይ የተበላሸ ነገር የለም።

የአጥሩ በር ሲከፈት ሮቦቱን የሚያቆም ማብሪያ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ግን በማግኔት ወይም በሽቦ ተሸውዶ ይገኛል። ሠራተኛውን ከመቅጣት በፊት መስመሩን ዳግም ማስነሳት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይለካ። ረጅም ከሆነና የፈረቃው ኮታ ካልተቀነሰ፣ ማግኔቱ ነገ ይመለሳል።

በእኛ ከተማ ደግሞ የመብራት ጉዳይ አለ። መብራት ሲጠፋ «በዚሁ ይጽዳ» ይባላል። ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሳ ከሆነ ኃይሉ በሰከንዶች ይመለሳል። በደንቡ የተሠራ ሮቦት ያኔ በራሱ አይነሳም፤ አብሮት ለተገጠመው አሮጌ ማጓጓዣ ግን ማን ዋስ ይሆናል?

ስለዚህ መብራት ኖረም አልኖረም ሥርዓቱ አንድ ነው። ከረጢቱን በአየር ግፊት የሚይዘው መጨበጫ ባዶውን ወለል ላይ ይውረድ፤ አየሩ ሲለቀቅ የያዘውን ሊጥል ይችላል። የሮቦቱም የማጓጓዣውም ዋና ማብሪያ ይጥፋ፤ የሚገባው ሰው ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር ይስቀል፣ ቁልፉም ኪሱ ይግባ። የአየር ቫልቩ ተዘግቶ የቀረው አየር ይተንፍስ። የሮቦቱን ሞተሮች የሚቆጣጠረው የሰርቮ ሣጥን ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወርድ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ይጠበቅ። በመጨረሻ የማስነሻው ቁልፍ ተጭኖ አለመነሳቱ ይረጋገጥ። ይህን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ ከተለጠፈ ጌጥ ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፍ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደኅንነቱን ግዴታ አሠሪው ላይ ጥሏል። ግዴታው ከግዢው ውል ቢጀምር ይሻላል። ሻጩ ክንዱ ሙሉ ጭነት ይዞ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ በስንት ሰከንድ እንደሚቆም ፋብሪካው ውስጥ ለክቶ ሳያሳይ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ። ከበሩ ይልቅ የብርሃን መጋረጃ፣ ማለትም ሰው ጨረሩን ሲያቋርጥ ሮቦቱን የሚያቆም መሣሪያ፣ ከተመረጠ ከሮቦቱ የሚርቅበት ርቀት የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። ይህን ርቀት በሚያሰላው ዓለም አቀፍ ደረጃ በአይኤስኦ 13855 ስሌት ሰው በሰከንድ 1600 ሚሊሜትር ይራመዳል፤ ለመቆም 0.5 ሰከንድ ከፈጀ 800 ሚሊሜትር ይሆናል። መጋረጃው የሚለየው ትንሹ ነገር 30 ሚሊሜትር ከሆነ 128 ይጨመርና 928 ይደርሳል። ፍሬኑ ሲያረጅ ሰከንዱ ይረዝማልና ልኬቱ በየጊዜው ይደገም።