የላይብረሪው ቁልፍ ስብሰባ ላይ ነው

አንድ የሃይስኩል ተማሪ «ላይብረሪ ልገባ ነው» ቢላችሁ መጽሐፍ ሊያነብ ነው ብላችሁ ቶሎ እንዳትደሰቱ። ደብተሩን ከቤት ይዞ ይሄዳል፣ ደብተሩን አጥንቶ ይመለሳል። መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ለእሱ የግድግዳው አካል ናቸው። የሚፈልገው ወንበር ነው። ወንበር ደግሞ በዋዛ አይገኝም። ፈተና ሲቃረብ አንዱ ቀድሞ ይገባና ለጓደኞቹ ሁሉ ቦታ ይይዛል፤ እዚህ ሹራብ፣ እዚያ ካልኩሌተር፣ እዚያኛው ላይ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ። እስክሪብቶው ይቀመጣል፣ ሰው ይቆማል።

ይህ የትምህርት ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ ማትሪክ ተፈታኝ የራሱን ደብተር ታቅፎ እንደተሰለፈበት ቤቱ ይቁጠረው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ፓርላማው ፊት ለፊት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት «እሰይ፣ አሁንስ ቦታ ተገኘ» አልን። እውነትም ተገኘ። ሹራቡም ተከትሎ ገባ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ላይብረሪ እንሂድ። የቱ ትምህርት ቤት እንዳትሉኝ፤ አንዱን ያየ ብዙዎቹን አይቷል። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማስቲካ ማኘክ ክልክል ነው። ማውራት ክልክል ነው። ስልክ ክልክል ነው። መጽሐፍ ተውሶ ወደ ቤት መውሰድ ለጊዜው ክልክል ነው። «ለጊዜው» የምትለው ቃል ያለችበት ወረቀት ቢጫ ሆናለች። የተፈቀደ ነገር ዝርዝር ፈልጌ አጣሁ።

ከባንኮኒው ጀርባ እትዬ ላይብረሪያኗ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ያንን መጽሐፍ ማየት እችላለሁ?»

«የቱን?»

«ቀዩን።»

«ለምን ፈለግከው?»

ልጁ ምን ይበል? «ለማንበብ» ቢል ይጠረጠራል። «ቲቸር አሳይመንት ሰጥተውን ነው» ሲል ብቻ ፊታቸው ይፈታል። በግዴታ የመጣ ልጅ መጽሐፉን ቶሎ ይመልሳል። በፍላጎት የመጣው ነው አደገኛ፤ ይወደውና ይዞት ይጠፋል።

በእሳቸው አልፈርድም። መጻሕፍቱ ሲገቡ በሞዴል 19 ተቆጥረው ገቢ ሆነዋል፤ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። አንዱ ሲጠፋ ዓይን የሚያርፈው ደመወዛቸው ላይ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ቆጠራ ይመጣል። ቆጣሪዎቹ «ስንት ልጅ አነበበ?» ብለው አይጠይቁም። «ስንት መጽሐፍ አለ?» ነው የሚሉት። በዚህ ስሌት ምርጡ ላይብረሪ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልገባበት ነው። መጽሐፍ የሚያጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አይጥና አንባቢ። ለአይጧ ወጥመድ ተገዝቷል። ለአንባቢው እትዬ ተቀጥረዋል።

መጽሐፍ መጠበቅ ከጥንትም እናውቅበታለን። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የስንት ፍየል ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ተበጥብጦ፣ ጸሐፊውም ጎብጦ ከርሞ ነው። እንዲህ የተለፋበት ነገር ማኅደር ውስጥ ገብቶ ዕቃ ቤት ቢቆለፍበት አይገርምም። ቁልፍ ያላስቆመውን ደግሞ ግዝት ይጠብቀዋል። ብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ታገኛላችሁ። የዛሬው ላይብረሪ ይህን ሁሉ ግርማ አውርዶ አውርዶ በቀን 1 ብር ቅጣት አደረሰው። ሁለት ሐዋርያት የሚጠብቁትን ብራና እንኳ ሰርቆ ለፈረንጅ የሸጠ አለ። 1 ብር ማንን ያስፈራል?

የሚገርመኝ መቆለፉን ወርሰን ማንበቡን መርሳታችን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሲያነብ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ፊደል ሲቆጥር በጩኸት ነው። ንባብ ሲማር በጩኸት ነው። መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት እስኪወጣው ድረስ ጉሮሮው አያርፍም። ድምፁ ከጠፋ የኔታ «ይሄ ልጅ አንቀላፋ» ይሉና አለንጋዋን ያነሳሉ። ከፈረንጅ አገር የመጣው ላይብረሪ ደግሞ የተገላቢጦሹን አስተማረን፤ ድምፅ ያሰማ ይባረራል። ስለዚህ ዛሬ ላይብረሪ ውስጥ በሥነ ሥርዓት አንደኛ የሚወጣው እንቅልፍ የወሰደው ተማሪ ነው። ከምሳ በኋላ ባለው ፔሬድ ብትገቡ በርካታ ምስጉን ተማሪዎች በየጠረጴዛው ተደፍተው ታገኛላችሁ። እስካላንኮራፉ ድረስ የሚነካቸው የለም። ግጥም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያነበው ግን «አንተ! ውጣ!» ይባላል።

መደርደሪያውን አይታችሁታል? የዘመን ታሪክ ነው። ታች፣ ጉልበት አካባቢ፣ በደርግ ጊዜ ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው የመጡ የሌኒን ጥራዞች አሉ። መሐል ላይ፣ እጅ ቶሎ የሚደርስበት ቦታ፣ በኮንቴይነር በእርዳታ የመጡት ተደርድረዋል። በበረዶ ላይ መኪና እንዴት እንደሚነዳ። ኮሌስትሮል እንዴት እንደሚቀነስ። ዊንዶውስ 95ን በቀላሉ ለመልመድ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ምሳውን እንጀራ በሽሮ በልቶ የመጣ፣ ኮሌስትሮሉን ምን ያድርገው? ከላይ፣ መሰላል በሚጠይቀው ቦታ፣ በመስታወት ተዘግቶ የአማርኛ ልቦለድ አለ። «ለምን እዚያ ላይ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይወሰዳላ!» ነው መልሱ።

መጻሕፍቱን ቁጥር የሰጣቸው አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ ነው፤ ሥርዓቱን ያወጣው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። ሥነ ጽሑፍን 800 ብሎ ከፈለና ለአሜሪካ 810፣ ለእንግሊዝ 820፣ ለጀርመን 830፣ ለፈረንሳይ 840 እያለ ሲያድል ቆይቶ ለቀረው ዓለም ሁሉ 890ን ተወለት። እኛ 892.8 ላይ ነን። ከነጥብ በኋላ! የአማርኛ ልቦለድ በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሰፈሩ ላይብረሪ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኖ ይኖራል።

ቴክኖሎጂ የገባው እንግዲህ እዚህ ቤት ነው። አንድ የ«ዲጂታል ላይብረሪ» ምረቃ ላይ ተገኝቼ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦም ተቆረጠ። የክብር እንግዳው «የዛሬው ትውልድ አያነብም» የሚል ንግግር ከወረቀት አነበቡ። ሁለት ወረቀት ተጣብቆ አብሮ ተገለጠና አንዱን ገጽ ዘለሉት። እሳቸውም አላወቁም፣ አዳራሹም አላወቀም። ጭብጨባው በሰዓቱ ደረሰ። ታብሌቶቹ ፎቶ ተነሥተው ሲያበቁ ቁም ሣጥን ገቡ። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ስለ ዲጂታላይዜሽን ነው።

የዕድሜ እኩዮቼ ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባል ነገር ወደ ሃይስኩል ገብቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይከንፋል። ጥያቄ ይጠይቃል። ጥቂት ዝም ይልና «በጣም ጥሩ!» ይላል። ማን ምን ብሎ እንደመለሰለት እስከ ዛሬ አልታወቀም። መብራት ሲጠፋ እሱ አይጠፋም፤ ትምህርቱ ሰማይ ላይ ይቀጥላል፣ እኛ መሬት ላይ እንቀራለን። ቴሌቪዥኑ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ነበር የሚቀመጠው። የሣጥኑን አሠራር ላደንቅ እወዳለሁ፤ ከነበረን ቴክኖሎጂ ሁሉ በትክክል ይሠራ የነበረው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ካታሎጉ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ፕሮግራሙ ፈረንጅ ነውና መጀመሪያ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አባት ነው ያለን። ስለዚህ ሐዲስ ዓለማየሁ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብለው ተመዘገቡ። ልጅ ጻፈ፣ አባት ደራሲ ሆነ። ይህን ያለፈ ተማሪ ፊደሉ ላይ ይወድቃል። ኮምፒውተሩ ሞኝ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም ነው፣ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። እንቁጠረው። «ሐ»ን በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ መጻፍ ይቻላል፤ ስድስት። «ስ» በሁለት። «ዓ» በአ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ፤ አራት። የመጨረሻዋ «ሁ» በሦስት። ስድስት በሁለት፣ በአራት፣ በሦስት ሲባዛ 144 ይመጣል። አንድ ደራሲ፣ 144 አጻጻፍ! መዝጋቢዋ አንዱን መርጠዋል፤ ተማሪው የቀሩትን ይሞክራል። «አልተገኘም።» «አልተገኘም።» «አልተገኘም።» መጽሐፉ ከጀርባው፣ መስታወቱ ውስጥ ሆኖ ያየዋል።

ታዲያ ልጆቹ አያነቡም? ያነባሉ እንጂ! የሚያነቡበት ቦታ ነው የተከለከለው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የታተመ መማሪያ መጽሐፍ አልዳረሰም፤ ብዙው ተማሪ በፒዲኤፍ ነው የተማረው። ፒዲኤፍ የሚከፈተው በስልክ ነው። ስልክ ግቢ ውስጥ ክልክል ነው። ጠዋት በር ላይ ስልክ ይወረሳል፣ ክፍል ውስጥ «መጽሐፍ ያልያዘ ይውጣ» ይባላል። ልጁ ቢወጣ ይቀጣል፣ ቢገባ ይቀጣል።

ማታ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ልቦለዱ በክፍል በክፍል ይለቀቃል። ሰውየው ሽጉጡን ሲያወጣ «ይቀጥላል…» ይልና ሥሩ ላይ «ቀጣዩ ክፍል 500 ላይክ ሲሞላ» የሚል ይከተላል። ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው እርስ በርስ ይለማመናሉ፤ «በናትሽ ላይክ አድርጊ፣ 12 ነው የቀረው!» ለመጽሐፍ ሲባል እንዲህ የሚለማመን ሰው አይቼ አላውቅም። ጽሑፉ ጥሩ ነው ወይ? ኧረ እንዲያው ዝም ነው። አራት ነጥብ የሚባል አያውቅም። አንዱ ላይ ክፍል 9 ላይ ተቀብሮ የተለቀሰለት ሰውዬ ክፍል 15 ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። ቢሆንም ልጆቹ ይህንን ያስተውላሉ፣ ይከራከሩበታል፣ ደራሲውን በኮሜንት ያፋጥጡታል። ይሄ የሥነ ጽሑፍ ሂስ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የምከፋው በሌላው ነው። በሕይወት ያሉ ደራሲዎቻችን ተበድረው ያሳተሙት መጽሐፍ ወር ሳይሞላው ስካን ተደርጎ በነፃ ይበተናል። ይህ ስርቆት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ያቺን የጴጥሮስና የጳውሎስ ግዝት የመጀመሪያው ገጽ ላይ መመለስ ሳይሻል አይቀርም።

ወላጅ ደግሞ ሌላ ክስ አለው። «ጆሮው ላይ ሰክቶ ትረካ ይሰማል እንጂ የት ያነባል!» እስቲ ቀስ ይበሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው አገር ሥራ ፈትቶ ሰማው። ዛሬ «አንብቤዋለሁ» ከሚሉት ታላላቆቻችን ስንቱ በጆሮው እንዳነበበ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስለ ጉዱ ካሣ ጠይቋቸው። ድምፃቸው ተለውጦ የወጋየሁ ሲሆን ትሰሙታላችሁ።

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ላይብረሪ ውስጥ የባዮሎጂ መጽሐፍ ዘርግታ፣ መሐሉ ላይ ስልኳን አጋድማ፣ ልቦለዷን ስታነብ እትዬ ደረሱባት። ስልኩ ስክሪኑ እንደበራ ተነጥቆ መሳቢያ ገባ። «ወላጅ ይዘሽ ነይ!» እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች አጎት ሆኜ ሄድኩ።

እትዬ በደንብ ተቆጡን። እሷን ብቻ አይደለም፣ እኔንም። «ይኼ ሁሉ መጽሐፍ ተደርድሮላት እንደ ሰው አታነብም? ምን ዓይነት ትውልድ ነው?» አሉ። «ልክ ነዎት እትዬ፤ ልጅ ናት፣ ለዛሬ ይለፏት» አልኩ። መሳቢያውን ከፈቱ። ስልኩን አውጥተው መዝገብ ላይ አስፈረሙኝ። የእህቴ ልጅ ስትቀበላቸው ባትሪው 3 ፐርሰንት ላይ ነበር። ጠዋት ሙሉ ነበር ትላለች።

ልንወጣ ስንል እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሯት።

«ነይማ አንቺ። ሰውዬው ክፍል 9 ላይ ሞቶ አልነበር እንዴ?»