ራዳሩን ከማየት በፊት ክርኑን እዩ

ለአንድ ወጣት የቤዝቦል ወርዋሪ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይወረውራል?» ነው። የፍጥነት መለኪያው ራዳር 150 ካነበበ ሁሉም ይሻማበታል፤ 138 ላይ ከቀረ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህ አመራረጥ የስንቱን ክንድ እየበላ ነውና ሊታረም ይገባል።

ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ፣ መቺው ዱላ ይዞ እስከሚጠብቅበት ሰሌዳ 18.44 ሜትር ነው። ኳሷም ከ142 እስከ 149 ግራም ብትመዝን ነው። ጉዳቱ ከክብደቷ አይመጣም። ክንድ ወደ ኋላ ተለጥጦ ወደ ፊት ሲወነጨፍ ጫናው በክርን የውስጥ ጎን ያለችውን አጭር ጅማት ይወጥራታል። በዙሪያዋ ያሉት ጡንቻዎች ያግዟታል፤ እነሱ ሲዝሉ ግን ጫናው እሷ ላይ ይወድቃል። ጡንቻ በጥቂት ወራት ልምምድ ይፈረጥማል፣ ጅማት በዚያ ፍጥነት አይከተለውም። ስለዚህ ፍጥነቱ በአንድ ጊዜ የተተኮሰ ልጅ ከማስደሰት ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል።

«ቢበጠስስ? ቀዶ ሕክምና አለ» የሚሉ ወላጆችና አሠልጣኞች የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ወርዋሪ የነበረውን ቶሚ ጆንን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስደው የግራ ክርኑን ጠገኑለት፤ በ1976 ተመልሶም ከ288 ድሎቹ 164ቱን ከዚያ ወዲህ አገኘ። ግን ጆን የሚያሸንፈው ወደ ታች በምትሰምጥ ኳስ እንጂ በጉልበት አልነበረም። ማገገሚያውም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል፤ የተተካውም ሊበጠስ ይችላል። ወርዋሪው ጄኮብ ዲግሮም ከቴክሳስ ሬንጀርስ ቡድን ጋር የ5 ዓመት፣ የ185 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ በ2023 ስድስት ጨዋታ ብቻ እንደጀመረ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ገባ።

ሌላው ወርዋሪ ግሬግ ማደክስ 23 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 355 ጊዜ ያሸነፈው መቺውን በፍጥነት ልዩነትና በአቅጣጫ እያታለለ ነው። ቼንጃፕ የተባለውን የማታለያ ውርወራ ተመልከቱ፦ ኳሷ በጣቶች ጫፍ ሳይሆን ጠለቅ ብላ በመዳፍ ውስጥ ትያዛለች፣ ክንዱ እንደ ፋስትቦል (ፈጣኑ ውርወራ) በሙሉ ፍጥነት ይወነጨፋል፣ የኳሷ ፍጥነት ግን በሰዓት ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ያንሳል። መቺው ቀድሞ ይሰነዝራል። ወርዋሪው ክንዱን ካቀዘቀዘ ግን ተንኮሉ ይነቃበታል። ለልጅ ይህን ማስተማር አምስት ኪሎ ሜትር ከመጨመር ይበልጥበታል።

የሜጀር ሊግ የወጣቶች መመሪያ ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ አያሳልፍም፤ 76 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ያርፋል። ችግሩ ልጁ ለሁለት ቡድን ሲጫወት ነው። እያንዳንዱ አሠልጣኝ የራሱን ቆጥሮ ይተኛል፣ ድምሩን የሚይዝ የለም። መዝገቡ ከልጁ ጋር መዞር አለበት።

ቁጥሩም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ክርኑ ከትከሻው ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ኳሷ ከታለመላት በላይ እየወጣች ስታልፍ፣ በየውርወራው መሃል የሚወስደው ጊዜ ሲረዝም ክንዱ ደክሟል። ያኔ 40ኛውም ይሁን 80ኛው ውርወራ፣ አሠልጣኙ ወደ ጉብታው ወጥቶ ኳሷን ይቀበለው።