ለሌላ ማልያ የሮጠችውን ልጅ አትስደቧት

ወገኖቼ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፈው አያስደስትም። ግን ዝም ሲባል እየባሰ የሄደ ነገር ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገረው።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 5፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ሲተላለፍ ስታዲየም ዙሪያ ያሉ ካፌዎች ጢም ብለው ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት ሴቶች ተናነቁ። የኛዋ ትዕግስት አሰፋና ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን። ተገፋፉ፣ በክርን ተነካኩ፣ ሲፋን ሾልካ ቀደመች። 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገባች፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንም ሆነ። ትዕግስት በ3 ሰከንድ ተቀድማ ብር ወሰደች። ቡድናችን ክስ አስገባ፣ ውድቅ ተደረገ። እስከዚህ ድረስ ስፖርት ነው። መናደድም ያለ ነው፣ እኔንም አንገብግቦኛል።

ከዚያ በኋላ ከአፋችን የወጣው ግን ስፖርት አልነበረም። «ባንዳ» ተባለች። ዘሯ ተነሳ፣ ሃይማኖቷ ተነሳ፣ እናቷ ሳትቀር ተሰደበች። በየጠረጴዛው ጮክ ተብሎ፣ በየስልኩ ተጽፎ። ከአባቶቻቸው ጋር ሊያዩ የመጡ ሕፃናት አጠገባችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ማንን ነው የሰደብነው? ሲፋን አዳማ የተወለደች ልጅ ናት። በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ነው ኔዘርላንድ የገባችው። በ15 ዓመት! የናንተ ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ብቻዋን ቦሌ ድረስ ስትሄድ እንኳን ትደውሉላታላችሁ። ያኔ ማንም ማናጀር ገንዘብ ቆጥሮ አልገዛትም። ነርስነት እየተማረች ነው እዚያው ሩጫ የጀመረችው። እዚያው ሰለጠነች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዜግነት አገኘች። የኢትዮጵያን ማልያ አንድም ቀን ለብሳ አታውቅም። ታዲያ የካደችው የቱን ነው?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ዲቪ ሲከፈት ከፒያሳ እስከ ለገሃር ያለው ኢንተርኔት ቤት ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። «ሞላህ?» እንባባላለን። ሲደርሰን እልል ይባላል። ወንድማችን አሜሪካ ገብቶ፣ ዓመታት ቆይቶ፣ እጁን አንስቶ ምሎ ዜግነት ሲቀበል ፎቶውን በኩራት እናሳያለን። «እንኳን ደስ ያለህ» እንላለን። ጥቁር አንበሳ የተማረው ሐኪም ውጭ አገር ሄዶ የሌላ አገር በሽተኛ ሲያክም «ተሳካለት» ይባላል። የላኩትን ዶላር መንዝረን የቤት ኪራይ እንከፍላለን፣ ልጅ እናስተምራለን። አንዳቸውንም ከዳተኛ ብለን አናውቅም፣ ልንልም አይገባም። ታዲያ የሯጯ ኃጢአት ምንድን ነው? የሷ ሥራ በቴሌቪዥን መታየቱ ነው?

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሆነውንም አስታውሱ። በሴቶች 10 ሺህ ሜትር ወርቁን ሲፋን ለኔዘርላንድ ወሰደች። ብሩን ቃልኪዳን ገዛኸኝ ለባህሬን። ነሐሱን ለተሰንበት ግደይ ለኢትዮጵያ። ሦስቱም እዚህ የተወለዱ፣ ሦስት ባንዲራ። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ውርደት ቆጠርነው። ቃልኪዳን እኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ዶሃ ላይ በዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 1500 ሜትር ለኢትዮጵያ ወርቅ ያመጣች ልጅ ናት። ያን ቀን አጨብጭበንላታል። ከዚያ በኋላ እንዴት እየኖረች እንደሆነ ከኛ መካከል ማን ጠየቀ?

ከሷ በፊትም መርየም ዩሱፍ ጀማል ነበረች። ለባህሬን እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ በ1500 ሜትር። አበባ አረጋዊ ለኛ ለንደን ኦሊምፒክ ሮጣ በዓመቱ ለስዊድን የዓለም ወርቅ አመጣች። እያንዳንዷ የራሷ ታሪክ አላት፣ በአንድ ስድብ የሚጠቀለል አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። ኦሊምፒክ ላይ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከ3 ሰው በላይ አያሰልፍም። በአብዛኛው አገር ይህ ችግር አይደለም፣ 3 ሰው ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው። እኛ ጋ ግን እንጦጦ ጫካ ውስጥና ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሚኒማ (ለውድድር የሚያበቃውን ሰዓት) ያሟሉ ልጆች ተሰልፈው ነው የሚውሉት። አራተኛ የወጣችው ልጅ ሌላ አገር ብትሆን አንደኛ ናት። እዚህ ግን ውድድሩን ቤቷ ቁጭ ብላ ታያለች። የሩጫ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው። ጉዳት ካልመጣ አሥር ዓመት፣ ቢበዛ ትንሽ ጨምሮ። በዚያች ጊዜ ውስጥ እናቷን መጦር አለባት፣ ታናናሾቿን ማስተማር አለባት። በየአትሌቶች ምርጫው ሰሞን በየኤፍኤሙ የምንሰማው «ለምን እሷ ተመረጠች፣ ለምን እሷ ቀረች» የሚል ክርክር አለ። የቀረችዋ ልጅ በማግስቱ ምን በልታ እንደምትሰለጥን ግን አንከራከርም።

ንግድ የለም አልልም። አለ። ገንዘብ ያላቸው አገሮች ሜዳሊያ ፈልገው ገና ያልጠነከሩ ልጆችን ከምሥራቅ አፍሪካ ሲወስዱ ኖረዋል። ነገሩ ስለከፋ ነው የዓለም አትሌቲክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገር ለውጥን ጨርሶ ያገደው። በ2018 እንደገና ሲፈቅድ ጠበቅ ያለ ደንብ አወጣ። ከ20 ዓመት በታች ያለ አትሌት አገር መቀየር አይችልም። የቀየረ 3 ዓመት ይጠብቃል። ለውጡም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቁጣችሁ እውነተኛ ከሆነ ልጆችን እንደ ዕቃ በሚያሻሽጠው ላይ ይሁን። እዚህ ደግሞ ተስፋ በሚያስቆርጠው አሠራር ላይ ይሁን። የ18 ዓመት ልጅ ላይ መጮህ ቀላል ስለሆነ ብቻ እሷን አንምረጥ።

ሯጮቹ ራሳቸው ከኛ ይሻላሉ። ቡዳፔስት በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ሲፋን 10 ሺህ ሜትሩን እየመራች መጨረሻው መስመር ጥግ ላይ ወደቀች። ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገብተው ወርቅ፣ ብርና ነሐሱን ጠቅልለው ወሰዱት። እዚህ ያለው ደስታ ልክ አልነበረውም፣ ይገባል። ከደስታው ጋር ግን በወደቀችው ልጅ ላይ የተሳቀው ሳቅ አይገባም ነበር። ለተሰንበት ያን ሰዓት ምን አደረገች? ብሯን አግኝታ፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ፣ ወደ ሲፋን ሄዳ አጽናናቻት። ቶኪዮ ላይ በሲፋን የተሸነፈችው ለተሰንበት። ከሷ በላይ የመቆጣት መብት ያለው ማን ነበር?

እስካሁን ያልኩት ስለሄዱት ነው። የሚመጡትን የምንቀበልበት መንገድም ያሳፍራል።

ዋልያዎቹ በተሸነፉ ቁጥር ካዛንቺስም፣ አራት ኪሎም፣ ታክሲ ውስጥም የሚባለው አንድ ነው። «ውጭ ያሉትን ልጆቻችንን ለምን አያመጧቸውም?» የሞሮኮ ምሳሌ ይጠቀሳል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው ሞሮኮ ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ። አሽራፍ ሀኪሚ ማድሪድ ነው የተወለደው፣ ሀኪም ዚየች ኔዘርላንድ። እኛም ሞክረናል። ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ስንሳተፍ ከስዊድን ዩሱፍ ሳላህ፣ ከአሜሪካ ፉአድ ኢብራሂም ቡድኑ ውስጥ ነበሩ።

ችግሩ ከመጡ በኋላ ነው። ውጭ ያደገ ልጅ ኳስ ሲበላሽበት «ይሄ ምኑ ኢትዮጵያዊ ነው» ይባላል። «አማርኛ እንኳን በቅጡ አይችልም» ይባላል። እዚህ ያደገው ልጅ ኳስ ሲበላሽበት የምንነቅፈው አጨዋወቱን ነው። ውጭ ያደገው ሲሆን ግን ደሙ ይመረመራል። ጎል ካገባ ደግሞ በማግስቱ «የኛ ልጅ» ነው። ወገኖቼ፣ ይህ በሁለት ቢላ መብላት ነው።

ሕጉንም ሳናውቅ ነው የምንጮኸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። «ቢጫ ካርድ» የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ንብረት ያፈራል። ዜጋ ግን አይደለም። ፊፋ የሚጠይቀው ደግሞ የአገሩን ዜግነት ነው። እንግዲህ ስቶክሆልም ተወልዶ ያደገውን ልጅ «ና ተጫወትልን» ስንለው ምን እያልነው እንደሆነ አስቡት። ያሳደገህን፣ ያስተማረህን፣ ሜዳ ሰጥቶ ያሰለጠነህን አገር ፓስፖርት መልስና ለኛ ተጫወት እያልነው ነው። እሺ ብሎ ቢመጣ ጀግና እንለዋለን። ሲፋንን ባንዳ ያልናት እኮ ከዚህ ላነሰ ነገር ነው።

የስታዲየሙን ታሪክ የማታውቁ ወጣቶች ካላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በ1954 ዓ.ም. ጥር 13፣ ለገሃር አቅራቢያ ባለው በዚሁ ስታዲየም ኢትዮጵያ ከግብጽ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫወተች። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አንዴ አቻ አደረገ። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው 2 ለ 2 ያደረገው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ሦስተኛውን ወንድሙ ኢታሎ አገባ፣ አራተኛውን መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነበር።

ሉቺያኖ አስመራ የተወለደ ክልስ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ። ጣሊያን ከዚህች ከተማ ከወጣ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ያን ቀን ስታዲየም ከገቡት ሰዎች መካከል በየካቲት 12 ጭፍጨፋ አባቱን ያጣ፣ ወንድሙን የቀበረ አይጠፋም። የሉቺያኖን አባት ዜግነት እያሰበ አንገቱን የሚያዞርበት በቂ ምክንያት ያለው ትውልድ ነበር። ያ ስታዲየም ግን አጨበጨበ። እኛ ዛሬ በምንለካበት መለኪያ ቢለካ ኖሮ እሱም ወንድሙም አይሰለፉም ነበር፣ ዋንጫውም ካይሮ ይሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላነሳንም። ያለችን እሷ ብቻ ናት።

እናንተ በኤፍኤም የስፖርት ሰዓት የምታቀርቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲውም ካፌውም እናንተን ነው የሚሰማው። ለአድማጭ የስልክ መስመር ስትከፍቱ ስለ አጨራረስ፣ ስለ ታክቲክ፣ ስለ ቡድን ሥራ ይተች። ዘር ሲጠራ መስመሩን ዝጉት። እናንተም አትሳቁ።

እናንተ አባቶች፣ ልጆቻችሁን መስቀል አደባባይ ይዛችሁ ትልቁ ስክሪን ላይ ውድድር ስታሳዩ፣ ለኢትዮጵያ ጩኹ፣ ጉሮሯችሁ እስኪዘጋ ጩኹ። የኔዘርላንድ ወይም የባህሬን ማልያ የለበሰችውን ልጅ ስም ሲጠይቋችሁ ግን ስሟን ንገሯቸው፣ የት እንደተወለደች ንገሯቸው። ስድብ አታስተምሯቸው። ከነሱ መካከል ነገ የትኛው የት አገር እንደሚያድግ አታውቁም።

ዜግነት የሰጠ አገር ሁሉ ተወዳዳሪያችን ነው፣ ልናሸንፈው እንፈልጋለን። ይህን የምለው ሽንፈትን እንድትወዱ አይደለም። ለትዕግስት ደግፉ፣ ለጉዳፍ ደግፉ። ዋልያዎቹ ሜዳችን ደረጃውን አላሟላም ተብሎ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ የኖሩ ልጆች ናቸው፣ ለነሱም ደግፉ። ውጭ የተወለደ ልጅ ማልያውን ለብሶ ሲገባ ደግሞ ጊዜ ስጡት። አየሩን ይልመድ፣ ጓደኞቹን ይወቅ፣ ቋንቋውን ይማር። ጥምር ዜግነት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለውንም ሰብሰብ ብለን በወግ እንከራከር፣ የመረጣችኋቸውን ተወካዮችም ጠይቁ።

የሄዱት ልጆች ዘመዶች ግን እዚሁ አብረውን አሉ። አንድ ዕድር ውስጥ ነን፣ ከአንድ ሱቅ እንገዛለን፣ ለቅሶ ስንደርስ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ልጃቸው ስታሸንፍ በራቸውን ዘግተው ነው የሚደሰቱት፣ እኛን ፈርተው። በሚቀጥለው ጊዜ ሄዳችሁ በራቸውን አንኳኩና እንኳን ደስ ያላችሁ በሏቸው። በስልካችሁ የጻፋችሁት ስድብ ካለም እስካሁን እዚያው ተቀምጧል፣ ዛሬውኑ አጥፉት።