ፊቱን ያኮሳተረ ፒክአፕ

ዳላስ ውስጥ ቅዳሴ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑን መኪና ማቆሚያ ልብ ብላችሁ እዩት። ነጠላ ያጣፉ እናቶች በተኮሳተሩ ፒክአፖች መሃል እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፤ የአንዳንዱ ኮፈን ትከሻቸው ላይ ይደርሳል። ደግነቱ ሞተሩ ጠፍቷል።

ይሄ ኩርፊያ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሞዴል ዶጅ ራም የከባድ መኪና ግንባር ይዞ ብቅ ሲል ገበያው እልል አለ። ከዚያ ወዲያ ፎርዱም ሼቭሮሌውም ግሪሉን፣ ማለትም የፊቱን ፍርግርግ፣ ማስፋት፣ ኮፈኑን ማንሳት ያዙ። ዛሬ አንዳንዱ ግሪል የግቢ በር ያክላል፤ ማንኳኳት ያምራችኋል። የአሜሪካ መድን ሰጪዎች የሚደግፉት የመንገድ ደህንነት ተቋም በ2023 እንዳሳወቀው፣ ኮፈኑ ከ40 ኢንች የሚበልጥ መኪና እግረኛ ከገጨ፣ ከ30 ኢንች የማይበልጥና አፍንጫው ዘቅዘቅ ካለው ይልቅ የመግደል ዕድሉ በ45 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሻጩ ግን «ግርማ ሞገሱን ተመልከት!» ነው የሚላችሁ።

ግርማ ሞገስ ዋጋ አለው። ክሮም ሲያበዙለት ያስከፍላሉ፤ ክሮሙን አንስተው ግሪሉን፣ ቸርኬውን፣ አርማውን ሳይቀር ጥቁር ሲያደርጉትም ያስከፍላሉ። ራም ሌላው ክፍለ ሀገር ቢግ ሆርን ብሎ የሚሸጠውን ቴክሳስ ሲደርስ በግዛቲቱ ቅጽል ስም ሎን ስታር ይለዋል። ጽሑፉ ተቀየረ እንጂ መኪናው ያው ነው፤ ቴክሳሳዊው ግን የወንዙን ልጅ ያገኘ ያህል ደስ ይለዋል።

ፊቱ እንዲህ ሲፋፋ ጀርባው ከሳ። ስምንት ጫማ ይረዝም የነበረው የድሮው የዕቃ መጫኛ ዛሬ በየሰፈሩ በምናየው ባለ አራት በር ላይ አምስት ተኩል ገደማ ሆኗል። እሱም ቢሆን ሥራ ፈት ነው። ባለፈው ለክርስትና ወንበር መጓጓዝ ነበረበትና አንዱ ጎረምሳ ጥቁር በጥቁር ፒክአፕ ወዳላቸው ጎረቤታችን ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ወንበሯን ኋላው ላይ ጣል እናድርጋት?»

«ኋላው ላይ? ኧረ ልጄ፣ ይቧጨርብኛል!»

ወንበሩ በባለቤታቸው ካምሪ ሄደ፣ የኋላ ኮፈኗ በገመድ ታስሮ። ፒክአፑ ባዶውን ከፊት ከፊት እያጀበ፣ ሁለት መኪና የሚያቆመውን ቦታ ለብቻው ያዘ። የሕፃኑ አያት ወጥተው ጋሼን አገላብጠው ሳሟቸው፦

«እርስዎና መኪናዎ ባትኖሩ ይሄን ሁሉ ወንበር በምን እናመጣው ነበር!»